በትንሿ ጣቢያ የወረደው ሰው

ጣቢያዋን እያፈረሷት ነው። ባለፈው ፕሪማቬራ፣ በፋሲካው ወራት ማለቴ ነው፣ በኦስቲያ ባቡር ስሄድ ዙሪያዋ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ የጣሪያዋ ሸክላ ወርዶ፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቁ ሠራተኞች ደረጃዋን ሲሰባብሩ አየሁ። ባቡሩ ቆሞ በሩ ሲከፈት ያ የድሮው ሽታ ገባ፤ የጋለ የፍሬን ብረት፣ የጥድ ሙጫ፣ ከበስተኋላው ደግሞ የባሕር ጨው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ልቤ ይደነግጣል። እጄ ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ዓይኔም ማን ሊወርድ ነው እያለ በሩ ላይ ይቀራል።

ለማያውቃት ሰው ምንም አይደለችም። ሮማ ካለው ከፒራሚዴ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ባሕር በሚወርደው መስመር ላይ፣ ኦስቲያ ከመድረሱ በፊት ካሉት ትናንሽ ማቆሚያዎች አንዷ ናት። ግራና ቀኝ ሐዲድ፣ አንድ የቲኬት መስኮት፣ አንድ ባር፣ በሸክላ ማሰሮ የተተከሉ ቀይ አበባዎች፣ በቃ። ታሪኳን የነገሩኝ በእኔ ጊዜ የጣቢያው ኃላፊ የነበሩት ሲኞር ኦሬስቴ ናቸው። መጀመሪያ የተሠራችው በጥቁር ሸሚዞቹ፣ በፋሺስቶቹ ዘመን ነው፤ የሮማ ሰው በእሑድ እሑድ ባሕር እየወረደ ችግሩን እንዲረሳ ተብሎ። በኋላ ጦርነቱ መጣና ጀርመኖች ሲሸሹ በፈንጂ አነሷት። የቀረው ነገር ቢኖር ከሥሯ የተቆፈረው፣ ሪፉጆ የሚሉት የቦምብ መጠለያ ብቻ ነበር። የሰፈሩ ሰው ፍርስራሹን ለቅሞ መልሶ ስለሠራት ነው ግድግዳዋ ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ቀለሙ የሚለያየው። ሲኞር ኦሬስቴ ያንጊዜ ጎረምሳ ሆነው ጡብ ተሸክመዋል። ይህን ሲያወሩኝ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር፤ እኔ የሰው ልጅ እንዴት ግድግዳ ይወዳል እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ከጣቢያዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ የጥድ ዛፍ ሰፈር፣ አንዲት ባል የሞተባቸው ሲኞራ ቤት እሠራለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ከሰዓት የኛ ነው። ሐሙስ ሲሆን ከየቤቱ የወጣን ሀበሾች ሁሉ ትልቁ ባቡር ጣቢያ፣ ተርሚኒ እንገናኛለን። ሱሪያችን ከታች እንደ ደወል የተዘረጋ፣ ጫማችን ተረከዙ እንደ በርጩማ የወፈረ፣ ጠጉራችን ተነፍቶ ከሩቅ የሚታይ። ሦስት መቶ ሊሬ ለቡና ከፍለን ቆመን እንጠጣለን፤ መቀመጥ ዋጋው እጥፍ ነው። ካሴት የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንዱን ካሴት ስንት ጊዜ እንደገለበጠችው እንጃ፣ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። እኛ ግን እሱኑ እየሰማን እናለቅሳለን። ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ከዘፈኑ የባሰ ነበር። ማን ተወሰደ፣ የማን ቤት ተፈተሸ፣ የማን ልጅ አልተመለሰም። እዚያው ተርሚኒም ቢሆን አዲስ ፊት ሲመጣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ሮማ መጣ የሚል ወሬ የደረሰኝ በዚህ ጊዜ ነው። የመስኖ ባለሙያ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ወጣቶች ተመርጠው ለአጭር ሥልጠና ተልከው፣ ከቲቡርቲና ጣቢያ ጀርባ ባለ፣ ፔንሲዮኔ በሚሉት ርካሽ ማረፊያ ቤት አርፈዋል። የቡድኑ መሪ ጓድ መርዕድ የሚባል ሰው ነው። ፓስፖርታቸው እሱ ዘንድ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይወጡም። ልጠይቀው ስሄድ ሳሎኑ ውስጥ ሦስታችንም ተቀመጥን። ወንድሜን አቅፌ ልስመው እንኳ አልተመቸኝም። መርዕድ ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ የክብሪት እንጨት በጥርሱ የሚይዝ ሰው ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

«እህትህ ናት?» አለው።

«አዎ ጓድ፣ ታላቄ ናት። የሺወርቅ ትባላለች።»

ወደ እኔ ዞረ። «ለእናት አገርሽ ምን እየሠራሽ ነው እዚህ?»

«የሰው ቤት ነው የምሠራው» አልኩት።

ጥርሱን ሳያሳይ ሳቀና የክብሪቱን እንጨት ወደ ሌላው ጎን አዛወረው። ልሄድ ስነሳ ሰለሞን እስከ አውቶቡሱ ይሸኘኝ ዘንድ ፈቀደለት። መርዕድ ራሱም ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተለን።

«ሳቂ» አለኝ ወንድሜ፣ ከንፈሩ ብዙም ሳይነቃነቅ። «እየሳቅሽ ስሚኝ። አልመለስም የሺዬ። ከክፍላችን ሁለቱን ወስደዋቸዋል፤ የእኔም ስም ተነስቷል።»

ሳቅኩ።

«የመጨረሻው እሑድ ባሕር ሊያሳዩን ነው። ባቡሩ ባንቺ ሰፈር ያልፋል አይደል?»

«ያልፋል፣ ይቆማልም።»

«እዚያ እወርዳለሁ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል። አንቺ እዚያው ጠብቂኝ።»

የቀሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ሲኞራ የጠየቁኝን ረስቼ ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ። ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ሄጄ ለወንድሜ ቡናማ ጃኬትና ጫማ ገዛሁ፤ ካገር የመጣበትን ልብስ ለብሶ ቢሄድ ይለዩታል ብዬ። ከዚያ አባ ኪዳነን አገኘኋቸው። ካቶሊክ ካህን ናቸው፤ ሮማ ለትምህርት መጥተው፣ ሐሙስ ሐሙስ እኛን ተርሚኒ ድረስ እየመጡ ይጠይቁናል። እኔ ኦርቶዶክስ ብሆንም ሌላ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

«አባ፣ ወንድሜ ሊቀር ነው። የት ላድርገው?»

ብዙ አልጠየቁኝም። «መነኮሳቱ ቤት ክፍል አለ» አሉ። «ጣቢያው ላይ ሰው ይበዛል፤ እኔ ቆይቼ በመኪና እመጣለሁ። እስከዚያ አትሩጪ። የሚሮጥ ሰው ይታያል።»

ያ እሑድ ከባድ ሙቀት ነበረው። ቢናሪዮው፣ ባቡሩ የሚቆምበት መተላለፊያ ማለቴ ነው፣ ጃንጥላና ሐብሐብ የተሸከመ፣ ልጁን በሸራ ጫማ የሚያስሮጥ ሰው ሞልቶታል። ከባሩ የበጋው ዘፈን ይሰማል፤ ሰው ሁሉ አብሮ ያዜመዋል። ጃኬቱን በላስቲክ ከረጢት ይዤ ከአበባ ማሰሮዎቹ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንድ ባቡር መጣ፣ የሉበትም። ሌላ መጣ፣ የሉበትም። ሲኞር ኦሬስቴ በቀይ ቆባቸው ሥር አየት ያደርጉኛል። በሦስተኛው ባቡር መስኮት የወንድሜን ነጭ ሸሚዝ አየሁ።

በሩ አጠገብ ነው የቆመው፤ መርዕድ ደግሞ ከጎኑ። በሩ ተከፈተ። ሰው መውረድ ጀመረ። ጃንጥላ የያዘ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በመሃላችን ገባና ሸፈነኝ። ሰውዬው ጃንጥላውን እስኪያነሳ ድረስ የማየው ሸራ ብቻ ነበር። ሸራው ከፊቴ ሲነሳ በሩ ተዘግቷል። ከፊቴ የቆመው መርዕድ ነው። ወንድሜ ከመስታወቱ ኋላ ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ መስታወቱን በመዳፉ ይመታል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ባቡሩ ሄደ።

እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። ሊይዘኝ ነው የወረደው ብዬ ነበር።

«የሰለሞን እህት» አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «አትፍሪ። እኔም ቀርቻለሁ።»

«ወንድሜስ?»

«እሱ አይመጣም። አጎታችሁ ዋስ ሆነው ፈርመውለት የለ? እሱ ከቀረ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ሲያስብበት አደረና ዛሬ ጠዋት ነገረኝ። ‹አንተ ውረድ፣ እህቴ ትረዳሃለች› አለኝ።»

«አንተን? አንተ የእነሱ ሰው አይደለህ?»

«ነበርኩ። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜን ገደሉት። ስመለስ ተራው የኔ ነው።» የክብሪት እንጨቱ ከአፉ ወድቋል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሰው እንዲህ ሲፈራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«መስታወቱን ለምን መታው ታዲያ?»

«ቶሎ ሂዱ እያለን ነው። የቀሩት እኔን ፍለጋ መመለሳቸው አይቀርም።»

አጎታችን ዋስ መሆናቸው እውነት ነበር። ሰለሞን ለአጎታችን ልቡ ስስ መሆኑም እውነት ነበር። ሳላምነው የምቀርበት ምክንያት አላገኘሁም። ባገኝስ፣ ቆሞ የሚያስብ ማን ነበር? ሲኞር ኦሬስቴ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ስሜ አልያዝ ብሏቸው ጄሲ ነበር የሚሉኝ።

«ጄሲ፣ ምን ሆነሻል?»

«ሰዎች ሊፈልጉን ይመጣሉ» አልኳቸው።

መርዕድን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉና ከቀበቷቸው ላይ ቁልፍ ፈቱ። ከቲኬት ክፍሉ ጀርባ ያለውን የብረት በር ከፍተው በጠባብ ደረጃ ወደ ታች አወረዱን። ያ የነገሩኝ ሪፉጆ ነበር። መጥረጊያና የቀለም ቆርቆሮ ተከማችቶበታል፤ ጣሪያው አጠገብ ለአየር መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በቢናሪዮው ልክ ስለሆነ ከውስጥ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ሲኞር ኦሬስቴ በሩን ከውጭ ቆለፉት።

ብዙ አልቆየንም፣ ከወዲያ በኩል ባቡር ሲገባ ግድግዳው ተርገበገበ። ከዚያ አማርኛ ሰማሁ።

«የት ጋ ነው የወረደው? አሳየን።» «ምክትሌ ነው» አለኝ መርዕድ በጆሮዬ።

«እዚሁ ነው፤ ወደ መንገዱ ወጥቶ ሲሄድ አይቼዋለሁ።» ይሄ ወንድሜ ነው።

ጫማውን አየሁት። የአንዱ ማሰሪያ ተፈትቷል። ግራና ቀኙ ሌሎች ጫማዎች ተጠግተውታል፤ እንደያዙት ያስታውቃል። ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኝ ነበር። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት መርዕድ አንጓዬን ያዘኝ። «ከጠራሽው ታስይዢዋለሽ» አለ በሹክሹክታ። «እሱ ምንም አላደረገም። ንጹሕ ሆኖ ይመለስ።»

ምክትሉ በተሰባበረ ጣልያንኛ ሲጠይቅ፣ ሲኞር ኦሬስቴ በዚያ ሻካራ ድምፃቸው «ኔሱኖ» ሲሉት ሰማሁ። ማንም አልወረደም። ጫማዎቹ ዞሩ። የተፈታው ማሰሪያ ሲሚንቶው ላይ እየተጎተተ ከቀዳዳው ጥግ ጠፋ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ወንድሜን የማድን መስሎኝ ነው።

አባ ኪዳነ በትንሿ ፊያታቸው ሲመጡ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እኛን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይሄ ነው ወንድምሽ?»

«አይደለም አባ።»

«ማነው ታዲያ?»

ምን ልበላቸው? «ባቡሩ ያወረደልን ሰው ነው» አልኳቸው። እሳቸውም የኋላውን በር ከፈቱለትና «ግባ ልጄ» አሉት። ካኪውን አውልቆ የወንድሜን ቡናማ ጃኬት ለበሰ፤ ልክ ለእሱ የተገዛ ይመስል ነበር። ጫማው ብቻ ጠበበው። ከረጢቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ሲኞራ ቤት ሄጄ ራት ሠራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው። መርዕድ መነኮሳቱ ዘንድ ጥቂት ሳምንታት ከርሞ ወደ ሰሜን ተሻገረ፤ ስዊድን ገብቶ ሥራ ያዘ፣ ሚስት አገባ፣ ወለደ። ሴት ልጁን የሺ አላት። በየዓመቱ ለፋሲካ ይደውልልኛል። «ባለውለታዬ» ነው የሚለኝ። አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ ኦስቲያ ባሕር ዳር አብረን ዓሣ በልተናል። ሰለሞንን ግን እንደተመለሰ አሰሩት። መሪው ሲጠፋ አጠገቡ የቆመው አንተ ነህ፣ ታውቅ ነበር ብለው። ዓመት ከግማሽ ተይዞ እንደነበር የሰማሁት ከአገር ቤት ከመጣች ሴት ነው። አለቀስኩ፤ ኮራሁም። ተርሚኒ ላይ ለጓደኞቼ፣ ወንድሜ ለአጎቱ ሲል ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው እያልኩ አወራሁ። አውርቼም ሰው አስለቅሻለሁ።

መንግሥት ተለውጦ አገሬ ስገባ እናታችን ሞታ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሰለሞን ጠጉሩ ሸብቶ ጠበቀኝ። ስለዚያ እሑድ ላነሳ ስል ወሬ ይለውጣል። መመስገን አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ በስልክም ቢሆን አላነሳነውም። የሁለታችንም ዝምታ ስንት ዓመት እንደፈጀ ሳስበው አሁን ያመኛል።

ባለፈው ፕሪማቬራ ባልኩት ጉዞ ላይ ብቻዬን አልነበርኩም። ጡረታ የወጣውን ወንድሜን አስመጥቼው ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ባሕር ላሳይህ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ባቡሩ ከሚፈርሰው ጣቢያ ሲቆም ሳይነግረኝ ተነስቶ ወረደ፤ ተከተልኩት። በቆርቆሮው አጥር አጠገብ ለተሳፋሪ በተተወችው ጠባብ መንገድ ወጥተን ከመንገዱ ማዶ ካለ ባር ተቀመጥን። ቡና አዘዝኩ።

«ሰሌ» አልኩት፣ «እስከዛሬ አላመሰገንኩህም። ለአጎታችን ብለህ የሆንከውን ሁሉ አውቃለሁ።»

«ለአጎታችን?» አለኝ። ነገሩ የእውነት አልገባውም።

«ዋሱ እሳቸው ስለነበሩ የተውከው አይደል? እሱን አውርደህ።»

ኩባያውን አስቀመጠው። «እንደዚያ ነው የነገረሽ?»

ከዚያ በዝግታ ነገረኝ። ባቡሩ ሊቆም ሲል መርዕድ ጆሮው ሥር ተጠግቶ፣ «አሳብህን አውቄዋለሁ፤ እኔም አልመለስም። እኔ ቀድሜ ልውረድ፣ ማንም አይጠረጥርም፣ አንተ ተከተለኝ» አለው። አመነው። መርዕድ ወረደ። ሰለሞን አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሲያሳርፍ መርዕድ ዞረና በሁለት እጁ ደረቱን ገፍቶ ወደ ውስጥ መለሰው። በሩ ተዘጋ።

«ለምን?» አልኩት።

«ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ቢጠፋ ፖሊስ ይጠራሉ፣ አንድ ከሆነ እፍረት ብለው ይደብቁታል ብሎ ይሆናላ። አላውቅም። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ክፈቱልኝ እያልኩ ነበር መስታወቱን የምመታው።»

«ልትፈልጉን ስትመጡስ? እኔ እኮ ከሥርህ ነበርኩ፤ ጫማህን አይቼዋለሁ።»

«ከሥሬ?» ወደ ቆርቆሮው አጥር ዞረ። «አላወቅኩም። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከአንቺ ጋር መጥፋቱን ያውቁና እማዬን ይጠይቋታል ብዬ ፈራሁ። ወደ መንገዱ ሄዷል አልኳቸው።» ቀጥሎ፣ «አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለ። «አውቀሽ የረዳሽው መስሎኝ ነበር የሺዬ። ለዚህ ነው ያላነሳሁት።»

ባሕሩን ሳናይ ተመለስን። ዓርብና ቅዳሜን እንደ ሕመምተኛ አሳለፍኩ። ቡፌዬ ላይ ካለው የመርዕድ ልጆች ፎቶግራፍ ፊት ስደርስ ዓይኔን አዞራለሁ። ወንድሜ ግን ተረጋግቶ ሽንኩርት ይከትፍልኛል፣ ሮማ ስላለው የውኃ ቦይ ይጠይቀኛል፤ የከበደው ነገር ከእሱ ወርዶ እኔ ላይ የተጫነ ይመስል።

እሑድ ጠዋት ገና ከጾም መፍቻው ሳንነሳ ስልኬ ጮኸ። ስሙን አየሁት፤ አላነሳሁትም። ጮኾ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ። ሰለሞን እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት።

«ጤና ይስጥልኝ ጓድ መርዕድ» አለ። «ሰለሞን ነኝ።»

ከዚያ ወገን አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንደሚል አልለየሁትም፤ ረጅም ነበር፣ መሃል መሃሉ ላይ ይሰበራል። ወንድሜ ጠረጴዛውን እያየ «እሺ» ይላል። «እሺ። አውቃለሁ። እኔም አርጅቻለሁ።» ቀጥሎም፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ሲለው ሰማሁ። «የሺ ነው ያልካት? ጥሩ ስም ነው።»

ስልኩን ወደ እኔ አቀረበ። «አንቺን ይፈልጋል» አለኝ።

አልፈለግኩም ነበር። ልዘጋው ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ከዚያ ግን ያን ቀን በሪፉጆው ውስጥ አንጓዬን ሲይዘኝ ዝም ማለቴ ትዝ አለኝ፤ ሁለተኛ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አሎራ፣ እንግዲህ መርዕድ» አልኩት፣ «የሺወርቅ ነኝ። ዛሬ እንኳን አደረሰሽ አትበለኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ያደረግከውን አንተው ንገረኝ፤ ምንም ሳታስቀር።»

ሰለሞን ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም እንዲሰማ ስልኩን በመሃላችን ያዝኩት፣ መርዕድም መናገር ጀመረ።